ጥቅሱን እናውቀዋለን፤ መጽሐፉንስ?

(አራት ኪሎ በተደረገ የንባብ ወዳጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከጥቂት ማስተካከያ በቀር እንደተነገረው የተጻፈ)

ክቡራንና ክቡራት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ከሥራ በኋላ፣ በዚህ የታክሲ ሰልፍና በዚህ ዝናብ፣ ስለ መጽሐፍ ለመነጋገር ብላችሁ መምጣታችሁ ልቤን ደስ አሰኝቶታል። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ፣ ተቀመጡ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «መጽሐፍ ቅዱስን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያነብ ሰው» ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ስንል ማንን ማለታችን ነው? ስለ መጽሐፉ ሰምቶ የማያውቅ ሰው? እንዲህ ያለ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ከየት ይመጣል? ሌሊቱን ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ጠዋት ከሜክሲኮ አራት ኪሎ የሚመጣ ታክሲ ውስጥ ስትገቡ ከሾፌሩ ራስ በላይ ጥቅስ ተለጥፏል። ቢሮ ስትደርሱ የግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ጥቅስ አለ። የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ ጥቅስ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ ላይ ጥቅስ፣ ስልካችሁን ስትከፍቱ በቴሌግራም የተላከ ጥቅስ። ጥቅስ ሞልቶናል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ከእነዚህ ጥቅሶች መካከል አንዱ የወጣበትን መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበ ስንቶቻችን ነን?

እንግዲህ ዛሬ የምለው ነገር በሙሉ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው። ጥቅስ አታንብቡ፤ መጽሐፍ አንብቡ። ደግሜ እላለሁ፦ ጥቅስ አታንብቡ፤ መጽሐፍ አንብቡ! ነገሬን በአራት ከፍዬዋለሁ። የመጀመሪያው ስለዚሁ ስለ ጥቅስ ነው፤ ሁለተኛው ከየት እንጀምር የሚለው፤ ሦስተኛው ስለሚከብዱን ክፍሎች፤ አራተኛው ከማን ጋር እናንብብ የሚለው ነው።

ወደ መጀመሪያው ልግባ።

በየቤታችን ግድግዳ ላይ በብዛት ከተሰቀሉት ጥቅሶች አንዱ ኤርምያስ 29፥11 ነው። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም።» ያልሰማው አለ? ፈተና የሚቀመጥ ተማሪ ይጽፈዋል፣ ቪዛ የሚጠብቅ ይጽፈዋል፣ ሱቅ የሚከፍት ይጽፈዋል። መልካም። አንድ ቁጥር ወደ ላይ ከፍ በሉና አሥረኛውን አንብቡት። «ሰባ ዓመት» ይላል። ሰባ ዓመት! ቃሉ የተላከው ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነው፤ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን ከላይ ጀምራችሁ ስታነቡት ደግሞ ቤት ሥሩና ተቀመጡበት፣ አትክልት ትከሉና ፍሬውን ብሉ፣ ሚስት አግቡ፣ ልጆችን ውለዱ፣ የተማረካችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ጸልዩላትም ይላቸዋል። አሁንም አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ፣ ወደ 28 ተመለሱ። እዚያ ሐናንያ የሚባል ሰው ሕዝቡ ፊት ቆሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር ይመለሳል፣ ምርኮው ያበቃል ብሎ ይሰብካል። የኤርምያስን ቀንበር ከአንገቱ ላይ ወስዶ ይሰብራል። ሕዝቡ የትኛውን መስማት ይወድ ነበር ትላላችሁ? ሁለት ዓመቱን ነው ወይስ ሰባውን?

አያችሁ? ያ ጥቅስ ቶሎ ይሳካልሃል የሚል አይደለም። የሰማው ትልቅ ሰው መመለሱን በዓይኑ ሳያይ እንደሚሞት እያወቀ፣ ተስፋው ግን እውነት ነው ተብሎ የተነገረው ቃል ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ ጥቅሱ አልቀነሰብኝም፤ ጨመረልኝ። ልጅ ለማሳደግ፣ ዛፍ ለመትከል፣ የማናየውን ነገር ለመጀመር የሚያበረታ ቃል ሆነልኝ።

«ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ጳውሎስ ይህን ሲጽፍ እስር ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ሁለት ቁጥሮች መጥገብንም መራብንም ተምሬአለሁ፣ መብዛትንም መጉደልንም አውቃለሁ ይላሉ። «ሁሉን» ያለው ይህን ነው።

እዚህ ላይ ስለ አያቴ ላጫውታችሁ። አያቴ ፊደል የቆጠረች አልነበረችም። ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያን በጆሮዋ የለቀመችው ዳዊት ብዙ ነበር፤ በተለይ መዝሙር 50ን። «ተሣሃለኒ እግዚኦ በከመ ዕበየ ሣህልከ» ብላ ትጀምርና ቡና እየቆላችም ቢሆን እስከ መጨረሻው ትወርደዋለች። አንድ የፍልሰታ ጾም ላይ መጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕን፣ ምዕራፍ 11ንና 12ን በአማርኛ አነበብሁላት። ንጉሥ ዳዊት ከሰገነት ላይ ሆኖ ቤርሳቤህን እንዳየ፣ እንዳስመጣት፣ ባሏን ኦርዮን ከጦር ሜዳ እንዳስጠራው። ከዚያም ኦርዮ ግንባር ቀድሞ ተሰልፎ እንዲሞት የሚያዝዘውን ደብዳቤ ዳዊት በዚያው በኦርዮ እጅ ሲልከው፣ አያቴ እጄን ያዘችና «ቆይ! የሞቱን ወረቀት ራሱ ተሸክሞ?» አለችኝ። አዎ አልኋት። ቀጠልን። ነቢዩ ናታን መጣ። አንዲት በግ ብቻ ስለነበረችው ድሀ፣ ከእንጀራው ስለምትበላ፣ በጉያው ስለምትተኛ በግ፣ ያችንም ነጥቆ ለእንግዳው ስላረዳት ባለጸጋ ነገረው። ዳዊት ተቆጣ፤ ይህን ያደረገ ሞት ይገባዋል አለ። ናታንም «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው።

አያቴ ምን አለች መሰላችሁ? «‹አድኅነኒ እምደም› የምለው የኦርዮን ደም ነው ለካ!» ከደም አድነኝ። ዕድሜዋን ሙሉ የደገመችው ጸሎት ከየት እንደተነሣ ያን ዕለት ገባት። የመዝሙሩ አርእስት ራሱ ናታን ወደ እርሱ በመጣ ጊዜ ይላል፤ መጽሐፉ አልደበቀውም። እኛ ነን አንዱን ከሌላው ለይተን የያዝነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ምዕራፍና ቁጥር የምንላቸው ነገሮች ከጸሐፊዎቹ የመጡ አይደሉም። ዛሬ የምንጠቀምበት የምዕራፍ አከፋፈል በ13ኛው መቶ ዘመን፣ የአዲስ ኪዳን ቁጥሮች ደግሞ በ1551 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሮቤር ኤስቲየን በሚባል አታሚ የገቡ ናቸው። ቦታ ለማግኘት ይረዳሉ፤ ለዚህ እናመሰግናለን። ጳውሎስ ግን ደብዳቤ ጻፈ እንጂ ቁጥር አልጻፈም። ደብዳቤ ደግሞ ከሰላምታው እስከ ስንብቱ ነው የሚነበበው።

ሁለተኛ፤ ከየት እንጀምር?

በያዝነው ልማድ ሰው መስከረም ሲጠባ ይወስናል። «ዘንድሮ መጽሐፍ ቅዱስን እጨርሳለሁ» ይላል። ከዘፍጥረት ይጀምራል። ዘፍጥረት ይጣፍጣል፤ አብርሃም አለ፣ ያዕቆብ አለ፣ ዮሴፍ አለ። ዘጸአትም እስከ ባሕሩና እስከ ሲና ድረስ ያስኬዳል። ከዚያ ስለ ድንኳኑ መጋረጃና ስለ ምሰሶዎቹ ልክ ይመጣል። ከዚያ ዘሌዋውያን፤ የመሥዋዕት ሥርዓት፣ የለምጽ ሕግ። ኅዳር ሳይገባ መጽሐፉ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ስንቱ ወዳጄ እዚያ ላይ ቆሟል! በዚያ ላይ ጥፋቱ የእርሱ ይመስለዋል። «እኔ መንፈሳዊ ሰው አይደለሁም» ይላል። አይደለም፣ ወንድሜ! አይደለም፣ እህቴ! አካሄዱ ነው። ወመዘክር ገብቶ ከመጀመሪያው መደርደሪያ የመጀመሪያውን መጽሐፍ አንሥቶ በተርታ የሚያነብ ሰው አለ? መጽሐፍ ቅዱስም ብዙ መጻሕፍት ነው። ታሪክ አለ፣ ሕግ አለ፣ ግጥም አለ፣ ምሳሌ አለ፣ ደብዳቤ አለ፣ ራእይ አለ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ንባብ አይነበብም።

ስለዚህ የእኔ ምክር ከማርቆስ ወንጌል ጀምሩ ነው። ለምን ማርቆስ? ከአራቱ አጭሩ ስለሆነ ነው፤ 16 ምዕራፍ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጣችሁ ትጨርሱታላችሁ። ማቴዎስ በትውልድ ሐረግ ይጀምራል፤ ያ ሐረግ ሀብት ነው፣ ነገር ግን ትዕማር ማን እንደሆነች፣ ረዓብ ማን እንደሆነች ለሚያውቅ ነው ሀብትነቱ የሚታየው። ማርቆስ ግን ወዲያው ወደ ነገሩ ይገባል።

ስታነቡት አንድ ጥያቄ ተከተሉ። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ጌታ ማዕበሉን ገሥጾ ጸጥ ሲያደርገው ደቀ መዛሙርቱ ፈርተው «ይህ ማን ነው?» ይባባላሉ። መጽሐፉ በሙሉ ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው የሚሄደው። ስምንተኛው ምዕራፍ፣ እኩሌታው ላይ፣ እርሱ ራሱ ጥያቄውን ይመልስባቸዋል፦ «እናንተስ እኔ ማን እንደ ሆንሁ ትላላችሁ?» ጴጥሮስ ይመልሳል። ግን ከዚያ በፊት ምን እንደተጻፈ ተመልከቱ። ቤተ ሳይዳ ላይ አንድ ዕውር አለ። ጌታ እጁን ይጭንበታል። ምን ታያለህ ሲለው ሰዎችን እንደ ዛፍ ሲመላለሱ አያለሁ ይላል። ገና ጥርት አላለለትም። ዳግመኛ እጁን ሲጭንበት ነው አጥርቶ ያየው። ወዲያው ቀጥሎ ጴጥሮስ «አንተ ክርስቶስ ነህ» ይላል፤ በሚቀጥሉት ቁጥሮች ደግሞ ስለ መከራው ሲነገረው አልቀበልም ብሎ ይገሠጻል። ጴጥሮስም በግማሽ ነበር ያየው። ጥያቄው እየሄደ እየሄደ መስቀሉ ሥር ይደርሳል፤ እዚያ በእውነት የእግዚአብሔር ልጅ ነበረ ብሎ የተናገረው ማን ነው? ሮማዊው መቶ አለቃ ነው። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ እንኳ አይደለም።

እንግዲህ ይህን በቁራጭ ጥቅስ ማን ያገኘዋል? ለጀማሪ የምለው ለዚህ ነው፦ የመጀመሪያው ንባብ ሰዎችን እንደ ዛፍ የሚያሳይ ቢሆን አትደንግጡ። ጨርሱት፤ ከዚያ ድገሙት።

ከማርቆስ በኋላ ሉቃስንና የሐዋርያት ሥራን አስከትሉ፤ ጸሐፊው አንድ ነው፣ ታሪኩም ተከታታይ ነው። ከዚያ ዘፍጥረትን። ከዚያ ሩትን። መዝሙረ ዳዊትን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየዕለቱ አንድ አንድ ብትሉ መልካም ነው። ስለ ቁጥሩ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ግራ ስለሚጋባ። እናታችሁ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን መዝሙር 22 ስትል ስልካችሁ 23 ካላችሁ ማንም አልተሳሳተም። ዳዊታችን የግሪኩን የሰባ ሊቃናት አቆጣጠር ይከተላል፤ ሌላው የዕብራይስጡን ነው። ለአብዛኛው መዝሙር ልዩነቱ አንድ ቁጥር ነው።

ሦስተኛው የሚከብዱን ክፍሎች ናቸው። እዚህ ላይ ምክሬ አጭር ነው፤ ምሳሌዬ ግን ረዘም ይላል።

ያልገባችሁን እንደገባችሁ አታድርጉ። ያስደነገጣችሁን እንዳላስደነገጣችሁ አታድርጉ። ጦርነት አለ፣ ግፍ አለ፣ መጽሐፈ መሳፍንት መጨረሻ ላይ ያለውን ሳነብ ዛሬም እጄ ይንቀጠቀጣል። ከገጹ ጎን በእርሳስ ምልክት አድርጉና እለፉ። ትመለሱበታላችሁ። ብዙ ጊዜ አንዱን መጽሐፍ የሚከፍተው ሌላው መጽሐፍ ነው።

እኛ የንባብ ማኅበር አለን፤ ፒያሳ አንድ ቤት ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት እንሰበሰባለን። ኦርቶዶክስ አለን፣ ጴንጤ አለን፣ ካቶሊክ አለን። አንድ ቀን መጽሐፈ ሩትን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ከዳር እስከ ዳር አነበብን። አራት ምዕራፍ ነው፤ ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ ያልቃል። ሩት ሞዓባዊት ናት፣ የሰው አገር ሰው። ባሏ ሞቷል። አማቷን ኑኃሚንን ተከትላ ቤተ ልሔም ትመጣለች፤ የሚበሉት ስለሌላቸው የገብስ አጨዳ ላይ ቃርሚያ ለመልቀም ወደ ሰው እርሻ ትወጣለች። እዚህ ስንደርስ ከከተሜዎቹ አንዱ ቃርሚያ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። አንዲት ከሰሜን ሸዋ የመጡ እናት ነበሩ፤ ተነሥተው አሳዩት። ጎንበስ ብለው፣ በግራ እጃቸው ነጠላቸውን ሰብስበው፣ በቀኝ እጃቸው ከወለሉ ላይ አንዲት አንዲት ዛላ እንደሚያነሡ ሆነው። «አጫጁ ፊት ፊት ይሄዳል፣ አንቺ ኋላ ኋላ። ባለቤቱ ደግ ከሆነ እያየ ያልፍሻል፤ ክፉ ከሆነ ይሰድብሻል» አሉ። በመጽሐፉ ቦዔዝ ምን አደረገ? አጫጆቹን ከነዶው እያወቃችሁ ጣሉላት፣ አትገሥጹአትም አላቸው።

ከመካከላችን ብዙ ዓመት ዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ኖራ የተመለሰች እህት ነበረች። ሩት በግንባሯ ተደፍታ፣ እኔ እንግዳ ሆኜ ሳለ ስለ ምን ሞገስ አገኘሁ የምትልበት ቦታ ላይ ማንበብ የእርሷ ተራ ነበር። አንብባ ቆመች። «እንዲህ የሚል ሰው ያጣሁት እኔ ነኝ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ማንም አልተናገረም።

ከዚያ አንዱ ወጣት ጠየቀ፦ «ሩት የሰው እርሻ ውስጥ እንድትገባ ማን ፈቀደላት?» እንዴት ያለ ጥሩ ጥያቄ ነው! መልሱ የት ነው ያለው? ሁላችንም በምንሸሸው በዘሌዋውያን! ምዕራፍ 19 ላይ የምድራችሁን መከር ስታጭዱ ዳር ዳሩን አትጨርሱ፣ ቃርሚያውንም አትልቀሙ፤ ለድሀውና ለእንግዳው ተዉለት ይላል። ሕግ ነው። ሩት የበላችው በዚያ ሕግ ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ቀጥሉ፤ «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለውን ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ይህ ቃል መጀመሪያ የተጻፈው ወንጌል ላይ ይመስለዋል። ጌታ የጠቀሰው ከዚህ ነው። ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ በመካከላችሁ የሚቀመጠውን እንግዳ እንደ ራስህ ውደደው ይላል፤ እናንተም በግብፅ እንግዶች ነበራችሁና። ያን ቅዳሜ ዘሌዋውያንን ለመስማት ስንት ሰው ጓጉቶ እንደነበር ብታዩ!

አራተኛው፦ ከማን ጋር?

በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለውን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ፣ የህንደኬ ባለሟል፣ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን የሚያነበው። ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ይህ ሰው በገንዘቧ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ሹም ነው። አላፈረም። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የጠየቀው ጥያቄ ነው፦ ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው? ይህ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል ብሎ አልጀመረም። መጀመሪያ ስለ ማን ነው አለ። ልጆች፣ ይህን ያዙልኝ፦ ስለ ማን ነው? ለማን ተጻፈ? ቀጥሎ ምን ሆነ?

ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ የታተመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ የሁለት ሰዎች ንባብ ፍሬ ነው። የጎጃሙ ሰው አቡ ሩሚ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ተቀምጦ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ ተርጉሟል። አብሮት የነበረው አሴሊን የሚባል በዚያ የፈረንሳይ ቆንስል ነበር። ለአሥር ዓመት፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ለእንግዳ በሩን ዘግቶ፣ ከአቡ ሩሚ ጋር እያንዳንዱን ቁጥር በቀስታ እያነበቡ ሠሩት። አቡ ሩሚ ሕትመቱን አላየም፤ ካይሮ ውስጥ በወረርሽኝ ሞተ። ወንጌላቱ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው በ1840 ታተመ፤ ይህ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እኔ ስለዚህ ሰው በየትምህርት ቤቱ ሊነገር ይገባል እላለሁ።

ስለዚህ ብቻችሁን አታንብቡ። ካህን ያለው ካህኑን ይጠይቅ፤ የአንድምታ ትርጓሜ አባቶቻችን ያቆዩልን ለዚህ ነው። የቤት ጉባኤ ያለው እዚያ ያንብብ። ምንም የሌለው አንድ ጓደኛ ይያዝ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል።

የትኛውን ልግዛ ለምትሉኝ፤ የ1954 ዓ.ም. ትርጉም ቋንቋው ግርማ አለው፣ የ1993ቱ አዲሱ መደበኛ ትርጉም ለጀማሪ ይቀላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታደርጉ ደግሞ እሰየው። የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ሰማንያ አንድ ናቸው ወይስ ስድሳ ስድስት የሚለው ክርክር ከማርቆስ አያግዳችሁም፤ ማርቆስ በሁሉም ውስጥ አለ። በስልክ ማንበብ ይቻላል፤ እኔ ግን የታተመውን እመርጣለሁ፤ ስልክ እያነበብን ይጠራናል።

ከመድረኩ ልወርድ ስል አንድ ተማሪ በወረቀት ጥያቄ ልኮልኛል፤ ላንብበው። «እኔ ማመኔን እርግጠኛ አይደለሁም። ማንበብ እችላለሁ?» ይላል። ልጄ፣ ማርቆስ ምዕራፍ 9 ላይ የታመመ ልጁን ይዞ የመጣ አባት አለ። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ጌታ መጀመሪያ እርግጠኛ ሁንና ተመለስ አላለውም፤ ልጁን ፈወሰለት። ና፣ አብረን እናንብብ።

የፊታችን ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ፒያሳ እንገናኛለን። ከማርቆስ አንድ እስከ ስምንት አንብባችሁ ኑ፤ ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ያዙ። አድራሻውን በር ላይ ያሉት ልጆች ይሰጧችኋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።